ከአራቱ የደከመው የትኛው ነው?

(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ ሹፌሮች ወገን የቀረበ ንግግር)



 የዝግጅት ኮሚቴው «ከሹፌሮች ወገን አንድ ሰው ይናገር» ባለ ጊዜ ስለ ባህላችን ወይም ስለ አንድነት እንድንናገር የጠበቀ ይመስለናል። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ከእኛ የተሻሉ ተናጋሪዎች በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። እኛ ቀን የምንውልበትም ሌሊት የምናድርበትም ነገር ሞተር ስለ ሆነ ስለ ሞተር እንናገራለን። ይኸውም ከአንድ ሞተር ሲሊንደሮች አንዱ ሲደክም የትኛው እንደ ደከመና ለምን እንደ ደከመ በምን እንደሚታወቅ ነው። «ይህስ የሹፌሮች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ወደ ቡናው የምትነሡ ካላችሁ ጥቂት ታገሡን። በዚህ አገር መኪና የማይዝ ሰው ጥቂት ነው፤ መካኒክ ፊት ቆሞ ባልገባው ነገር ላይ «እሺ» ብሎ ያልፈረመ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

«እኛ» የምንለው ሦስት ሆነን አንድ ታክሲ ገዝተን በኦክላንድ ከተማ የሠራን ሰዎች ነን። ከሦስታችን ሁለታችን ዩኒቨርሲቲ የገባን ነን፤ አንዳችን እንዲያውም አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ደርሶ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የተማሪዎች ግርግር ጊዜ ትምህርታችንን አቋርጠን በኬንያ በኩል ወጣንና ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ ተገናኘን። መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት የሚባሉትን የሞተር አራት ምቶች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለን፣ ግፊቱንና መጠኑን አስልተን ፈተና አልፈንበታል። ነገር ግን ኮፈን ከፍቶ «ካንዴላ ማለት ይህ ነው» ብሎ የሚያሳየን ሰው ያገኘነው ኦክላንድ ከገባን በኋላ ነው። ሦስተኛው ጓደኛችን ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም፤ መርካቶ ሱማሌ ተራ መለዋወጫ ሲሸጥ ስላደገ ግን የዕቃውን ስም ሁሉ ጣሊያን ትቶልን በሄደው አጠራር ያውቀዋል። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፋሻ፣ ሞተሪኖ እያለ ያስተማረን እሱ ነው። የዚህ አገር መካኒኮች ደግሞ ለዚያው ዕቃ ሌላ ስም አላቸው። አንዱን ዕቃ በሁለት ስም ስንጠራ ሁለት ዕቃ የምንገዛ እየመሰለን የተጨቃጨቅንበት ጊዜ አለ።

መኪናችን የ2009 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ነበረች። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራለን።) ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ነው። አንዳችን ከንጋት እስከ ቀትር፣ አንዳችን ከቀትር እስከ ምሽት፣ አንዳችን ሌሊቱን እንይዛታለን። መኪናዋ አትተኛም፤ እኛ ነን በየተራ የምንተኛ። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ገበያውን ስለወሰዱት ኦክላንድ ኤርፖርት ተሰልፈን ሦስት ሰዓት ጠብቀን አንድ ሰው የምንጭንበት ወቅት ነበር።

ማኅበራችን በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ መኪናዋ ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ ላይ ቀይ መብራት ይዟት ስትቆም ትንቀጠቀጥ ጀመር። መሪው ይርዳል፤ ወንበሩ ይርዳል። ስትሮጥ ደኅና ናት። ከጥቂት ቀን በኋላ የሞተሩ መብራት በራ። አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ሰውየው ኮምፒውተሩን ሰክቶ ሁለት ቁጥር አነበበና «ሞተሩ አልቋል፤ ይቀየር» አለን። የጠየቀን አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ አራቱንም ካንዴላና አራቱንም ኮይል ቀይሮ ስድስት መቶ ዶላር ተቀበለን፤ መኪናዋም ስትንቀጠቀጥ ገብታ ስትንቀጠቀጥ ወጣች። የማንኛቸውንም ስም አንጠራም። አሁን ስናስበው ሁለቱም ዋሹን ለማለት አንደፍርም፤ ሁለቱም ግን አልለኩም። ይህ ንግግር በሙሉ ስለዚህች አንዲት ቃል ነው ብትሉ ያስኬዳል።

እስቲ ደካማ ሲሊንደር ምን ማለት እንደ ሆነ እንይ። በአገራችን ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲወሰድ አራት ሰው በአራት ማዕዘን ይሸከማል። ከአራቱ አንዱ ሲደክም ቃሬዛው አይወድቅም፤ ይዘምማል፤ የሦስቱም ትከሻ ይጎዳል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። በካምሪው ሞተር የማቀጣጠሉ ተራ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ተራው ሲደርስ ክራንኩን አንድ ጊዜ ይገፋል። ተራው ደርሶ ያልገፋ ካለ በዚያች ቅጽበት ክራንኩ ይዘገያል። መንቀጥቀጡ ይኸው መዘግየት ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ስለሚጎላ ቀይ መብራት ላይ ይሰማናል፤ አውራ ጎዳና ላይ ግን ፍጥነቱ ይሸፍነዋል።

አዲስ አበባ በሰማያዊና ነጭ ላዳ ዘመን መካኒኩ ኮምፒውተር አልነበረውም። ሞተሩ እየሠራ ሳለ በደረቅ ጨርቅ ይዞ የካንዴላውን ሽቦ አንድ በአንድ ይነቅላል። ጤነኛው ሲሊንደር ሽቦው ሲነቀልበት ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ድምፁ ይወርዳል። የደከመው ሲነቀል ግን ምንም ለውጥ የለም፤ ቀድሞውንም አይሠራማ! አንድ ሰው ከሥራ ቀርቶ ማንም ካላስተዋለው ከመጀመሪያውም ሥራ አልነበረውም ማለት ነው። በዛሬዎቹ መኪኖች እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል ስላለው የሚነቀለው የኮይሉ ሶኬት ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሶኬቱን ነቅለን ብዙ ከቆየን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው ያልፍና ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያግለዋል። ጥቂት ሴኮንድ፣ ከዚያ መመለስ።

ስለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ካነሣን አንድ ነገር እናስታውስ። የሞተሩ መብራት ዝም ብሎ ሲበራና ብልጭ ድርግም ሲል ትርጉሙ አንድ አይደለም። ብልጭ ድርግም ካለ ሲሊንደሩ በብዛት እየሳተ ነው፤ ያልተቃጠለው ነዳጅም ኮንቨርተሩን እየጎዳው ነው ማለት ነው። እኛ «ይህችን ሰው ብቻ እናድርስ» እያልን ሁለት ቀን ነድተናል። በዚህ አካባቢ ሌባ ከፕሪየስ ሥር እየጋዘ የሚወስደውን ዕቃ እኛ በራሳችን እጅ ልናቀልጠው ነበር።

ያ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የኮምፒውተር ቀዳዳ የመጣው ከዚሁ ከካሊፎርኒያ ነው። የክልሉ የአየር ጥበቃ ቦርድ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናው የራሱን ጉድለት እንዲያሳውቅ አዘዘ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ዛሬ የምናውቀው ባለ አሥራ ስድስት ቀዳዳ ሶኬት በመላ አገሪቱ ግዴታ ሆነ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ያ የላዳ መካኒክ የሚሠራውን ነው፤ የክራንኩን ፍጥነት እያየ በማን ተራ እንደ ዘገየ ይመዘግባል። ፒ 0301 ካለ አንደኛው፣ ፒ 0302 ካለ ሁለተኛው ሲሊንደር ስቷል። ፒ 0300 ከሆነ ስሕተቱ በአንድ ላይ አልረጋም። የእኛ 0302 እና 0303 ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን እንናገር። ቁጥሩ የትኛው እንደ ሳተ ይናገራል እንጂ ለምን እንደ ሳተ አይናገርም። አንድ ሲሊንደር እንዲገፋ እሳት፣ ነዳጅና እመቃ ያስፈልገዋል። እሳቱን ለመፈተን ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሁለተኛውን ኮይል ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውን ወደ ሁለተኛው እናዘዋውርና እንነዳለን። ቁጥሩ ከ0302 ወደ 0301 ከተዛወረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ አንድ ኮይል ገዝተን እንገላገላለን። ቁጥሩ እዚያው ከቀረ ኮይሉ ነፃ ነው። በካንዴላም እንደዚሁ። ይህን የአሥር ደቂቃ ሥራ ብናውቅ ኖሮ ያ ስድስት መቶ ዶላር በኪሳችን በቀረ። ኮይሉና ካንዴላው አዲስ ሆኖ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ወደ ነዳጁ ወይም ወደ እመቃው እንሄዳለን። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት አብረው ሲደክሙ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እመቃው ነው።

ይህንን ሁሉ ያስተማሩን የማኅበራችን አባል የሆኑ፣ በአዲስ አበባ ጋራዥ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ አባት ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ አይወዱምና «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን። የሚኖሩት ሳን ሆዜ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችንም በዚያችው በምትንቀጠቀጥ መኪና በ880 አውራ ጎዳና ወርደን ግቢያቸው ደረስን። ጋሼ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ወደ ኋላ ሄደው መዳፋቸውን ከጢስ መውጫው ፊት ዘረጉ። ጥቂት ቆይተው «ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ሁለት ጊዜ ይውጣል» አሉ። ከዚያ እመቃ መለኪያውን አመጡ።

መለኪያው ሰዓት የሚመስል መርፌ ያለው ቀላል ዕቃ ነው፤ ጫፉ በካንዴላው ቀዳዳ ይጠመዘዛል። የሌለው ሰው አውቶዞን ወይም ኦራይሊ ሄዶ በመያዣ ገንዘብ ይዋሰዋል፤ ሲመልስ ገንዘቡን ያገኛል። አሠራሩ ግን ሥርዓት አለው። ሞተሩ አስቀድሞ ይሙቅ፤ በቀዝቃዛው የተለካ ያሳስታል። ነዳጁና እሳቱ ይቋረጡ። አራቱም ካንዴላ ይውጡ፤ አንዱን ብቻ አውጥቶ መለካት ሞተሪኖውን ያደክመዋል፤ ቁጥሩም አይታመንም። ባትሪው ሙሉ ይሁን። አንድ ሰው የቤንዚኑን ፔዳል እስከ ወለሉ ይርገጥ፤ ካልረገጠ ሞተሩ አየር አያገኝምና ጤነኛው ሲሊንደር ሁሉ ሕመምተኛ ይመስላል። ከዚያ ሞተሪኖው ይሽከርከር፤ መርፌው አምስት ስድስት ጊዜ ዘሎ ሲረጋ ይነበብ። ለሁሉም ሲሊንደር እኩል ዝላይ መቁጠር ግድ ነው። ጋሼ በጣት ይቆጥሩ ነበር፤ እኛም እስከ ዛሬ በጣት እንቆጥራለን።

በካርቶን ክዳን ላይ የጻፍነው ቁጥር ይህ ነው፦ አንደኛው 180፣ ሁለተኛው 90፣ ሦስተኛው 95፣ አራተኛው 175። የሚቆጠረው በፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። መካኒኮች የሚከተሉት ልማድ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ በታች እንዳይሆን ነው። የ180 ሦስት አራተኛ 135 ነው። ስለዚህ ሁለቱ መካከለኞች ታመዋል።

በዚህ መሐል የሱማሌ ተራው ጓደኛችን «አዲስ አበባ እኮ 120 እና 130 ከተነበበ ሞተሩ ጥሩ ነው ይባል ነበር» አለ። ጋሼ ሣቁ። ይህን የገጠማቸው ብዙ አበሾች አሉና እናብራራው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው። እዚህ ኦክላንድ ባሕሩ አጠገብ 180 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ቢወሰድ 135 አካባቢ ያሳያል። መካኒኩ እዚያ በ130 «ጥሩ ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ እዚህ መጥቶ በዚያው ቁጥር ያገለገለ መኪና ከገዛ ግን ያለቀ ሞተር ይገዛል። ከወዳጆቻችን አንዱ በትክክል ይህን አድርጓል። አራቱም 125 ስላሳዩትና ስላልተንቀጠቀጠች «እኩል ናቸው» ብሎ ገዛት። አራት የደከሙ ሸካሚዎች ቃሬዛውን አያዘሙም፤ ዳገት ላይ ነው የሚታወቁት።

አሁን «ለምን» ወደሚለው ደረስን። እመቃ የሚያመልጥባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፦ በፒስተኑ ፋሻ በኩል ወደ ታች፣ በቫልቮቹ በኩል ወደ ላይ፣ ወይም በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ጎን። ጋሼ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት በሁለተኛው ቀዳዳ አፈሰሱና እንደገና ለኩ። ዘይቱ በፋሻው ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍነዋል። ቁጥሩ ከፍ ቢል ፋሻው አልቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጋራዥ «ሞተር ይቀየር» ማለቱ ከእውነት ይጠጋ ነበር። ቁጥሩ ግን ከ90 ወደ 92 ብቻ ሄደ። በሦስተኛውም ላይ እንደዚያው። ፋሻው ነፃ ወጣ።

ከዚያ የአየር መጭመቂያቸውን አመጡ። የሁለተኛው ሲሊንደር ፒስተን በእመቃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቫልቮቹ ሁሉም ዝግ ናቸው። ሞተሩ እንዳይዞር የክራንኩን ብሎን በቁልፍ ይዘን በካንዴላው ቀዳዳ አየር ሰደድን። አሁን ሥራው የጆሮ ነው። አየሩ በማርሚታው ቢያፏጭ የጢስ ማስወጫው ቫልቭ፣ በአየር ማስገቢያው ቢያፏጭ የመሳቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ቢተነፍስ ፋሻው፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ቢያስነሣ ጓርኒሲዮኑ ወደ ውኃው ተበስቷል። እኛ በየበሩ አንዳንድ ጆሮ ይዘን ቆምን። ማርሚታው ዝም። ዘይቱ ዝም። ራዲያተሩ ላይ አንዲት አረፋ የለችም። ጋሼ ወደ ሦስተኛው ካንዴላ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጠሩን። አየሩ በዚያ ይወጣ ነበር። በሁለተኛው ገብቶ በሦስተኛው! በሁለቱ መካከል ያለው የጓርኒሲዮን ድልድይ ተቃጥሎ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ቤት ሆነዋል። ውኃው ያልጎደለው፣ ዘይቱ ወተት ያልመሰለው፣ መካኒኮቹም ጓርኒሲዮኑን ያልጠረጠሩት ለዚህ ነበር።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀስ ብለው «ይህች መኪና ሞቃ ታውቃለች?» ብለው ጠየቁ።

ጓርኒሲዮን እንዲሁ በሲሊንደሮች መካከል ብዙ ጊዜ አይቃጠልም። ሞተር ከልክ በላይ ሲሞቅ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ይለጠጣል፤ ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑን በእኩል መጫኑን ይተዋል። ስለዚህ ጥያቄው የሞተር ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ሦስታችን ሦስት ፈረቃ ነን። መኪናዋ ከሞቀች ያየ አንድ ሰው አለ፤ መርፌው ከፊቱ ነው። ሦስታችንም «እኔ አላየሁም» አልን። ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ ያለውን አርባ ማይል ያህል መንገድ አንድ ቃል ሳንነጋገር ተመለስን። አንድ ዳቦ ቆርሰን የበላን ሰዎች በዚያች ሳምንት እርስ በርስ የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ እያወጣን መሰላለል ጀመርን። አንዳችን የድርሻችንን ሸጠን እንውጣ እስከ ማለት ደርሰን ነበር።

በአራተኛው ቀን አንዱ ተናገረ። ማን እንደ ሆነ አንጽፍም፤ ይህን ንግግር የሚያነብላችሁ እሱ ሊሆንም ይችላል። በሐምሌ ወር ከኦክላንድ ኤርፖርት ወደ ሳንታ ክሩዝ የሚሄድ መንገደኛ አገኘ። ሁለት መቶ ዶላር ያህል የሚያስገኝ ጉዞ ነው፤ እንዲህ ያለ ጉዞ በወር አንዴም አይገኝም ነበር። በ17 ቁጥር መንገድ የሳንታ ክሩዝን ተራራ ሲወጣ፣ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት፣ በቀትር ፀሐይ መርፌው ወደ ቀዩ ሄደ። የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ውኃ ይተፋ ኖሯል። መንገደኛው አውሮፕላኑ ዘግይቶበት ይቆጣል። ቢያቆም ገንዘቡ ይቀራል፤ ስለዚህ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ መስኮቱን አውርዶ፣ አናቱ እስኪደርስ ነዳ። መንገደኛውን አድርሶ ሞተሩ ሲበርድ ውኃ ሞላ፤ ማሰሪያውን በካቻቢቴ አጠበቀ። መኪናዋ ደኅና ሆነች፤ እሱም ዝም አለ። ሦስት ሳምንት ምንም አልታየም።

ጥገናው አንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር ፈጀ። ቴስታታው ወርዶ ማሽን ቤት ተወሰደና ፊቱ ተስተካከለ፤ አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ ብሎን ገባ። ሥራውን የሠራው ጋሼ የጠቆሙን ጠጋኝ ነው። ክርክሩ ማን ይክፈል የሚለው ነበር። ሁለታችን «ያሞቀው ይክፈል» አልን፤ ሕጉም ልማዱም ከእኛ ጋር መሰለን። ለሽምግልና ወደ ጋሼ ሄድን። ጋሼ ሁሉን ሰምተው «የዚያን ቀን ገንዘብ ምን አደረጋችሁት?» አሉ። እንደ ደንባችን ለሦስት ተካፍለነዋል። እንዲያውም የዚያን ዕለት ምሽት ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ክትፎ በልተንበታል። «ስትካፈሉት ከየት መጣ ብላችሁ አልጠየቃችሁም» አሉንና ወደ አትክልታቸው ተመለሱ። ለሦስት ከፈልን። ከከፈልነው ይልቅ የከበደን ግን ሌላ ነው፤ ያ ሰው ያልተናገረው እኛን ፈርቶ ነበር። መርፌው ቀይ ላይ ሲደርስ የፈራው ሞተሩን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በጓንቲ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ደብተር ገባ። ፈረቃ የሚለቅ ሰው ማይሉን፣ ዘይቱን፣ ውኃውን፣ መርፌው የት እንደ ነበረ ይጽፋል፤ ያየውን እንግዳ ነገርም እንዲሁ። የጻፈ አይወቀስም የሚል ደንብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ደኅና» ብቻ ይጽፍ ነበር። ቀስ በቀስ «ፍሬኑ ያለቅሳል»፣ «880 ላይ ጉድጓድ መታሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚሉ ነገሮች መግባት ጀመሩ። ካምሪዋን በ2019 ስንሸጣት ሦስተኛው ደብተር ላይ ነበርን።

አሁን በአጭሩ ሊጠቅሙ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን እናክል። በካሊፎርኒያ ሕግ ጠጋኝ ሥራ ሳይጀምር የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ከግምቱ በላይ ለማስከፈል እንደገና የእኛን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። መኪናውን ስናስረክብ «አሮጌውን ዕቃ መልሱልኝ» ብለን ከጠየቅን የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ለፋብሪካው የሚመለስ ከሆነም ሊያሳየን ይገባል። እኛ በስድስት መቶው ዶላር ጊዜ ይህን አናውቅም ነበር። «ሞተሩ አልቋል» የሚላችሁን ሰው ሳትቆጡ «የአራቱን የእመቃ ቁጥር ጻፍልኝ» በሉት። የለካ ሰው ይጽፋል።

የጢስ ምርመራው ሲደርስ የሞተሩን መብራት ባትሪ ነቅሎ ማጥፋት የሚያድን የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። አያድንም። ኮምፒውተሩ ትዝታው ሲጠፋበት የራሱን ፈተናዎች እንደ አዲስ እስኪጨርስ ድረስ «ዝግጁ አይደለሁም» ይላል፤ መርማሪውም ይመልሳችኋል።

ፕሪየስ የምትነዱ ደግሞ፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁ እናንተ ናችሁ፣ ከላይ የተናገርነውን መለኪያ በራሳችሁ አትሞክሩ። ያ መኪና እንደ ላዳ ሞተሪኖ የለውም፤ ሞተሩን የሚያዞረው ከኤሌክትሪክ ሞተሮቹ አንዱ ነው። ለመለካት ልዩ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከሁለት መቶ ቮልት በላይ ስለሚሸከሙ ገዳዮች ናቸው። ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል የሆነ ፕሪየስ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንድ እንደ ወባ በሽተኛ ከተንቀጠቀጠና ከዚያ ከተሻለው፣ «ተሻለው» ብላችሁ አትለፉት። ሌሊቱን ውኃ ወደ አንዱ ሲሊንደር እየገባ ይሆናል። የማጠራቀሚያውን ውኃ መጠን በእርሳስ ምልክት አድርጉና በሳምንቱ እዩት። በጊዜ ከተያዘ ጓርኒሲዮን ነው፤ ካልተያዘ ሞተር ነው። ቴስላ የምትነዱት ልጆቻችን እስከ አሁን በመቀመጣችሁ ብቻ እናመሰግናችኋለን፤ እናንተ ዘንድ ሲሊንደር የሚባል ነገር የለም።

መማር ለሚፈልጉ ወጣቶች በኩፐርቲኖ ዲ አንዛ ኮሌጅ፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ኮሌጅ ኦፍ አላሚዳ የመኪና ጥገና ትምህርት ይሰጣሉ። ከእኛ አንዱ፣ ያ አምስት ኪሎ የነበረው፣ በአርባ ዓመቱ ገብቶ ከልጁ እኩያዎች ጋር ተቀምጦ ተምሯል። መምህሩ አራቱን ምቶች በሰሌዳው ላይ ሲስል ያ የድሮው ስዕል መጥቶ ፊቱ ቆመ። በዚያ ቀን እንደ ሌላው ተማሪ ማስታወሻ አልያዘም፤ ዝም ብሎ አየ።

ጋሼ መለኪያቸውን ለማኅበሩ ሰጥተዋል። በጽሕፈት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ቴኒሱ መረብ ሥር፣ በቀይ ሣጥን ተቀምጧል። የሚዋስ ሰው ስሙንና ቀኑን መዝገቡ ላይ ይጻፍ። የሚያግዘው ሰው ከፈለገ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእኛ አንዳችን እንገኛለን፤ የካንዴላ መፍቻና አሮጌ ጨርቅ ይዞ ይምጣ። ባለፈው ወር መለኪያው ሲመለስ የጎማ ቀለበቱ ጠፍቶ ነበር። የወሰደው ሰው ቢነግረን አንቆጣም።